የኑግ ዘይትና የእማማ ቆዳ፦ ከጎንደር አንድ የጉዳይ ጥናት

የዚህ ጉዳይ ባለቤት ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የተጠጋ የጎንደር እናት ናቸው። ስማቸውን አልጠቅስም። ሰፈሩ እማማ ስለሚላቸው እኔም እማማ እላቸዋለሁ። የሚኖሩት ከመምህርት ልጃቸውና ከስድስት ዓመት የልጅ ልጃቸው ጋር ነው። እኔ እዚሁ ከተማ መድኃኒት ቤት የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ፤ ጎረቤታቸውም ነኝ። ጉዳዩን ልጻፈው ወይ ብዬ ስጠይቃቸው "ጻፊው እንጂ! ሌላው ሰው እንደኔ እንዳይቃጠል" ብለው ፈቀዱልኝ።

"እንዳይቃጠል" ያሉት ለአነጋገር ያህል አይደለም። የምር ተቃጥለዋል። ወደዚያ እመጣለሁ።

ከመስቀል በኋላ ብዙ ሰው ወደ መድኃኒት ቤት ይመጣና "ለሚያሳክክ ገላ የሚሆን ጥሩ ዘይት አለሽ?" ይለኛል። ጥያቄው ስለ ዘይቱ ነው። ገላው ለምን እንደሚያሳክክ የሚጠይቀኝ ጥቂት ነው። እማማ ቤት ግን በአንድ በጋ ውስጥ ሁለት ዓይነት ማሳከክ ገባ። አንዱን ዘይት ፈታው። ሌላውን ዘይት ሸፈነው። ሁለቱን በአንድ ሰው ገላ ላይ እንዲህ ጥርት አድርጎ ማየት ብዙ ጊዜ አይገጥምም፤ ለዚህ ነው በዝርዝር የምጽፈው።

ጥቅምት ላይ የጀመረው

ማሳከኩ የመጣው ዝናቡ ከቆመ በኋላ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። በጋ ሲገባ አየሩ ይደርቃል። ቀን ፀሐዩ ይከራል፣ ማታ ብርዱ ይገባል። በዕድሜ የገፋ ሰው ቆዳ ደግሞ ቅባት የሚያመነጨው በጥቂቱ ስለሆነ ይህን አይችለውም።

እማማን መጀመሪያ ያሳከካቸው ቅልጥማቸው ነው። ከዚያ ክንዳቸው፣ ቀጥሎ ወገባቸው። ሳየው ቅልጥማቸው ላይ ያለው ቆዳ ውኃ ተኝቶበት እንደደረቀ የጭቃ መሬት ተሰነጣጥቋል። በስንጥቆቹ መሃል ቀላ ያለ መስመር ይታያል። ጫፍ ጫፉ ላይ ነጭ ቅርፊት ተነስቷል። ጥፍራቸው በደረሰበት ሁሉ የደረቀ ደም አለ። ጀርባቸው መሃል፣ እጃቸው የማይደርስበት ቦታ ግን ንጹሕ ነው። አንድም ሽፍታ፣ አንድም ጭረት የለም። ይህቺ ትንሽ ምልክት ብዙ ትናገራለች። ቆዳው ላይ የሚታየው ቁስል ራሱን ችሎ የወጣ አይደለም፤ ከማከክ የመጣ ነው ማለት ነው።

አስተጣጠባቸውን ጠየቅኳቸው። ውኃ በወረፋ ስለሚመጣ ገላቸውን የሚታጠቡት በሳምንት አንዴ ወይ ሁለቴ ነው። እሱ ችግር የለውም። ችግሩ ያለው ውኃውና ሳሙናው ላይ ነው። ውኃውን በጣም ያሞቁታል፤ ትኩስ ውኃ ሲነካው ማሳከኩ ለጊዜው ጸጥ ስለሚል ደስ ይላቸዋል። የሚታጠቡትም በልብስ ሳሙና ነው። የጤናማ ቆዳ ፒኤች (የአሲድነት ልኬት) 5 አካባቢ ነው። የልብስ ሳሙና ግን 9 እና 10 ይደርሳል። ትኩሱ ውኃና ሳሙናው አንድ ላይ ሆነው ቆዳው ያለችውን ጥቂት ቅባት አጥበው ይወስዱበታል። ከዚያ ገላው ይኮማተራል፣ ይነቃል፣ ያሳክካል። ሲያሳክክ እንደገና በትኩስ ውኃ ይታጠቡታል። እንዲህ እየዞረ ነው ኅዳር የገባው።

ጤና አዳሙ

ወደ እኔ ከመምጣታቸው በፊት የተሞከረ ነገር ነበር። አንድ ዘመድ ጤና አዳም ተወቅጦ፣ ሎሚ ተጨምቆበት፣ በዘይት ተለውሶ ክንድ ላይ ይቀባና ፀሐይ ይሞቃል ብሎ ነገራቸው። እማማም ጠዋት ደጅ ወንበር አውጥተው፣ ክንዳቸውን ቀብተው ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። የዚያኑ ቀን ምንም አልሆኑም። በማግስቱ ክንዳቸው ቀላ፣ ፈጀ። በሁለተኛው ቀን ውኃ ቋጠረ።

የቋጠረው ቦታ ቅርጽ ነበረው። ጭማቂው ከክርን ወደ አንጓ በወረደበት መንገድ ላይ እንደ ተሰመረ መስመር ነው የተነሳው። ልብስ የሸፈነው ቦታ ላይ ምንም የለም። ይህን ያየ ሰው ምክንያቱን አይስትም። ጤና አዳም ውስጥ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ሎሚም ውስጥ አሉ። እነሱ ቆዳ ላይ እያሉ የፀሐይ ጨረር ሲያገኛቸው ቆዳውን ያቃጥሉታል። አለርጂ አይደለም፤ ማንም ሰው ላይ ሊደርስ ይችላል። ቃጠሎው ወዲያው አይታይም፤ ብዙ ጊዜ የሚከፋው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ነው። ለዚህም ነው ሰው ከቅጠሉ ጋር የማያገናኘው። እማማ ራሳቸው "ቡዳ ነው" ብለው ነበር።

ጤና አዳም ቡና ላይ ጣል ማድረግ ሌላ ነገር ነው። እኔም እወደዋለሁ። ተወቅጦ ቆዳ ላይ ተቀብቶ ፀሐይ መሞቅ ግን ፈጽሞ አይሞከር። ነጭ ሽንኩርት መለጠፍም እንዲሁ ነው፤ እሱ ፀሐይም ሳያስፈልገው ያቃጥላል። "ተፈጥሯዊ ነው" ማለት ለቆዳ የዋህ ነው ማለት አይደለም።

ቃጠሎው በቀዝቃዛ ውኃ ጨርቅ፣ ውኃ የቋጠረውን ባለማፍረጥና ክንዱን ከፀሐይ በመሸፈን ዳነ። ጥቁር መስመሩ ግን አሁንም ክንዳቸው ላይ አለ። እንዲህ ያለው ጥቁረት ለወራት ሊቆይ ይችላል።

ሁለተኛው ሙከራ ከጎረቤት የተገኘች የቤታሜታዞን፣ ማለትም የጠንካራ ስቴሮይድ ቅባት፣ ቱቦ ነበረች። ማሳከኩን በእርግጥ ታስታግሳለች። ነገር ግን ለደረቀ ገላ በሙሉ፣ በየቀኑ፣ ያለ ሐኪም የምትቀባ አይደለችም። የሽማግሌ ቆዳ በራሱ ስስ ነው፤ እሷ ደግሞ የበለጠ ታሳሳዋለች። እማማ ጥቂት ቀን ቀብተው ሲሻላቸው ተዉ። ማሳከኩ ተመለሰ።

ዘይት ከመያዙ በፊት

እኔ ጋ ሲመጡ የፈለጉት ዘይት ነው። ቀድሜ ግን ጥያቄ ጠየቅኩ። ሌሊት ይብስብዎታል ወይ? በጣቶችዎ መሃል፣ በእጅ አንጓዎ፣ በብብትዎ፣ በእምብርትዎ አካባቢ ያሳክክዎታል ወይ? ቤት ውስጥ ሌላ የሚያክክ ሰው አለ? ዓይንዎ ቢጫ ሆኖ ያውቃል? ሽንትዎ ጠቁሯል? ከስተዋል? አዲስ የጀመሩት መድኃኒት አለ? ቆላ ወርደው ከርመው ያውቃሉ?

የመጨረሻው ጥያቄ ለእኛ አካባቢ ያስፈልጋል። ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማ የሚወርደው ሰው ብዙ ነው። በዚያ በኩል ደግሞ ወራጅ ወንዝ ዳር በሚራባ ጥቁር ዝንብ የሚተላለፈው ኦንኮሰርካይሲስ ለረጅም ዘመን የሚታወቅ በሽታ ነው። ዓይን ያጠፋል፣ ቆዳንም ክፉኛ ያሳክካል። እማማ ግን ቆላ ወርደው አያውቁም። ለሌሎቹም ጥያቄዎች መልሳቸው "የለም" ነበር። "ከገላ መታጠብ በኋላ ነው የሚብስብኝ፣ ልጄ" አሉኝ።

እንደዚያም ሆኖ ሐኪም እንዲያያቸው ላክኳቸው። በዚህ ዕድሜ ላይ ያለ ሰው ለሳምንታት ገላውን ሲያክክ ስኳር፣ ኩላሊት፣ ጉበት፣ እንቅርትና ደም ማነስ መታየት አለባቸው። ሽፍታ የሌለው ማሳከክ አንዳንድ ጊዜ የውስጥ በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል። ምርመራው ደህና ሆኖ መጣ። ሐኪሙ የቆዳ ድርቀት ነው፣ ቅልጥማቸው ላይ ያለው ደግሞ ከድርቀቱ የመጣ ችፌ ነው አላቸው። ለቅልጥሙ ብቻ፣ ለአጭር ጊዜ የሚቀባ 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን፣ ለስለስ ያለ የስቴሮይድ ቅባት፣ ታዘዘ። ለቀረው ገላ ማለስለሻ።

የዘይት ተራ አሁን ደረሰ።

ለምን ኑግ?

የሚያለሰልስ ነገር ሲባል ቫዝሊንም አለ። ቫዝሊን በጣም ጥሩ ነው፤ ርካሽ ነው፣ አይበላሽም፣ ሽታ የለውም። ለተሰነጠቀ ቅልጥም ከዘይት ይሻላል። እማማ ግን ገላቸውን በሙሉ ቫዝሊን መቀባት አልወደዱም። "ያጣብቀኛል፣ ጋቢውም ይይዘዋል" አሉ። ሰው የማይቀባው ቅባት ደግሞ አይረዳውም። ስለዚህ ዘይት ፈለግን።

ልጃቸው የወይራ ዘይት ልግዛ አለች። ውድ ስለሆነ ጥሩ ይመስላል። የደረቀና የተጎዳ ቆዳ ላይ ግን እኔ አልመክረውም። በ2013 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በ19 አዋቂዎች ላይ በተሠራ ጥናት የወይራ ዘይት የቆዳውን የላይኛ ሽፋን ሲያዳክምና ቀላል መቅላት ሲያመጣ፣ የሱፍ አበባ ዘይት ግን ሽፋኑን ሳይጎዳ ቆዳውን ሲያረጥብ ታይቷል። ጥናቱ ትንሽ ነው። ነገር ግን ምክንያቱ ይገባል። የወይራ ዘይት በአብዛኛው ኦሌይክ አሲድ የሚባል የቅባት ዓይነት ነው። ኦሌይክ አሲድ የቆዳ ሕዋሳትን አጣብቆ የሚይዘውን ቅባት ያላላዋል። የሱፍ አበባ ዘይት ደግሞ በሊኖሌይክ አሲድ የበለጸገ ነው። ሊኖሌይክ አሲድን ቆዳችን ራሱ ሽፋኑን ለመሥራት ይጠቀምበታል፤ ሰውነት ሊሠራው ስለማይችል ከውጭ ማግኘት አለበት።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የራሳችን ኑግ የሚመጣው። የደጋው ኑግ ዘይት ከመቶ 70 ገደማና ከዚያም በላይ ሊኖሌይክ አሲድ ነው። በዚህ ከሱፍ አበባ ዘይት ጋር ይቀራረባል፣ አንዳንዴም ይበልጠዋል። ሰሊጥ መሃል ላይ ነው፤ ኦሌይኩና ሊኖሌይኩ እያንዳንዳቸው ከመቶ 40 አካባቢ ናቸው። መጥፎ አይደለም፣ ግን የሰሊጥ አለርጂ ያለበት ሰው ይጠንቀቅ። የኮኮናት ዘይትም በ2014 እ.ኤ.አ. ፊሊፒንስ ውስጥ ችፌ ባለባቸው 117 ሕፃናት ላይ ለስምንት ሳምንት ተሞክሮ ከማዕድን ዘይት (ከነዳጅ ተጣርቶ ከሚገኝ ቅባት) የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ጎንደር ውስጥ ግን ዋጋው አይቀመስም። የጉሎ ዘይት ወፍራም ነው፣ ለብቻው ገላ ላይ አይሄድም። የባሕር ዛፍና የመሳሰሉት በትናንሽ ብልቃጥ የሚሸጡ ባለ ሽታ ዘይቶች ደግሞ የሚያሳክክ ቆዳ ላይ እንዳሉ መፍሰስ የለባቸውም። ይቆጠቁጣሉ፣ አለርጂም ያስነሳሉ።

ሰው ኑግን ለጾም ወጥ ብቻ ያውቀዋል። የእኛ አገር ሰብል ሆኖ ሳለ ለገላ ሲባል ከውጭ የመጣ ጠርሙስ መፈለጋችን ያሳዝነኛል።

ዘይቱን ከልጃቸው ጋር ቅዳሜ ገበያ ወርደን ነው የገዛነው። የጠየቅነው ሁለት ነገር ነው፤ መቼ ተጨመቀ? ሌላ ዘይት አልተቀላቀለበትም? ሻጩ አልተቀላቀለም አለ። ቃሉን ለማረጋገጥ ትንሽ ዘይት በብርጭቆ አድርገን ማታ መስኮት ላይ አስቀመጥነው። የጎንደር የኅዳር ሌሊት ብርድ ነው። የሚረጋው ዘይት በብዛት ከተቀላቀለበት ጠዋት ይደፈርሳል ወይም ከሥሩ ነጭ ነገር ያቀርራል። ንጹሕ ኑግ አይረጋም። የእኛው ጠዋት እንደጠራ ነበር። ይህ የቤት ዘዴ ነው፤ የላቦራቶሪ ምርመራን አይተካም። ለመጀመሪያ ማጣሪያ ግን ይበቃል።

ሊኖሌይክ አሲድ የበዛበት ዘይት አንድ ድካም አለው። ቶሎ ይበላሻል። ብርሃን፣ ሙቀትና አየር ሲያገኘው ይከረፋል፤ የከረፋ ዘይት ደግሞ ቆዳውን ይቆጠቁጠዋል። ስለዚህ ትንሽ ትንሽ እየተገዛ፣ በጠቆረ ጠርሙስ፣ ክዳኑ ተጠብቆ፣ ከምድጃ ርቆ ይቀመጣል። ሽታው ሲለወጥ ይደፋል። ድንች የተጠበሰበት ዘይት ገላ ላይ አይቀባም፤ ይህን የምለው የሚቀቡ ሰዎች ስላየሁ ነው።

አቀባቡ

መጀመሪያ ክንዳቸው ውስጥ በኩል፣ ያልተቃጠለው ላይ፣ ትንሽ ቦታ ቀብተው በቀን ሁለቴ ለአንድ ሳምንት ሞከሩት። አልቀላም፣ አላሳከከም።

ከዚያ አስተጣጠቡ ተለወጠ። የልብስ ሳሙናው ቀረ። ሽታ የሌለው የገላ ሳሙና ተገዛ፤ እሱም ለብብት፣ ለብሽሽትና ለእግር ብቻ። ለቀረው ገላ ለብ ያለ ውኃ በቂ ነው። ውኃው በክርን ይለካል፤ ክርን ካቃጠለ ለገላም ይበዛል። በባልዲ ውኃ ቶሎ ታጥቦ መጨረስ ነው፤ ረጅም መዘፍዘፍ የለም።

ቁልፉ ቀጥሎ ያለው ነው። እማማ ድሮ ታጥበው፣ በፎጣ ሙልጭ አድርገው አደራርቀው፣ ልብስ ለብሰው፣ ቡና ጠጥተው ነበር ዘይት የሚቀቡት። ዘይት ለቆዳ ውኃ አይሰጥም። ያለውን ውኃ ነው የሚያስቀረው። ስለዚህ ውኃው ሳይደርቅ፣ ገላው በፎጣ ቀስ ብሎ መታ መታ ከተደረገ በኋላ፣ ገና እርጥብ እያለ ይቀባል። ለሁለቱ እግር ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል ይበቃል። መዳፍ ላይ ይሞቃል፣ ከላይ ወደ ታች በፀጉሩ አቅጣጫ ይሄዳል፣ አይታሽም። በማይታጠቡበት ቀን ደግሞ እጅና እግራቸውን ለብ ባለ ውኃ ረጠብ በተደረገ ጨርቅ አርሰው ይቀባሉ። ይህ ዘዴ ውኃ በወረፋ ለሚያገኝ ቤት ጥሩ ነው፤ አንድ ጣሳ ውኃ ይበቃዋል።

ቅልጥሙ ላይ ሐኪሙ ያዘዘው ሃይድሮኮርቲዞን በስሱ ይቀባል፣ ጥቂት ቆይቶ ቫዝሊን። ዘይት እዚያ አልተጠቀምንም።

ሁለት ነገር አጥብቄ ነገርኳቸው። አንደኛው መንሸራተት ነው። ዘይት የነካው ወለል ለአሮጊት አደጋ ነው፤ እግር ሲቀባ ተቀምጦ፣ ካልሲ አድርጎ ነው የሚነሳው። ሁለተኛው እሳት ነው። ዘይት የጠጣ ጋቢና ነጠላ እሳት ሲነካው ቶሎ ይያያዛል፤ ቢታጠብም ዘይቱ ሙሉ በሙሉ አይለቅም። የእኛ እናቶች ደግሞ ከሰል ምድጃ ሥር ተቀምጠው ነው ቡና የሚያፈሉት። ለቅባቱ የተለየ አሮጌ ጋቢ ተመደበ። እሱን ለብሰው ምድጃ ጋ አይቀርቡም።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ለውጡ ታየ። የክንዳቸውና የወገባቸው ማሳከክ ጠፋ ማለት ይቻላል። የቅልጥማቸው ስንጥቅ ቀስ ብሎ ገጠመ። ሃይድሮኮርቲዞኑ ቆመ፣ ቫዝሊኑ ቀጠለ። ለገና ሲመጡ "ሌሊቱን ሙሉ ተኛሁ፣ ልጄ፤ እግዜር ይስጥሽ" አሉኝ።

ከጥምቀት በኋላ

የጉዳዩ ከባድ ክፍል ይህ ነው።

ለጥምቀት ከገጠር ዘመዶች መጡ። በዓሉ ጎንደር ላይ እንዴት እንደሚደምቅ የታወቀ ነው፤ ቤት ሁሉ እንግዳ ይሞላል፣ አንድ ፍራሽ ላይ ሦስትና አራት ሰው ይተኛል። እንግዶቹ ተሸኙ። የካቲት መጨረሻ ላይ እማማን ማሳከክ ጀመራቸው። በጋው ስላላለፈ ድርቀቱ የተመለሰ መሰላቸው። ዘይቱን ጨመሩ። በቀን ሁለቴ፣ ሦስቴ ተቀቡ። ለልጅ ልጃቸውም ይቀቡት ጀመር፣ እሱም ያክክ ነበርና።

ልጃቸው ዘይት ልትገዛ መጥታ "አሁን ዘይቱ አልሠራም" ስትለኝ ነው የሰማሁት። "ማን ማን ነው የሚያክከው?" አልኳት። "እሷና ልጄ። እኔም ትንሽ ጀምሮኛል" አለች። "መቼ ነው የሚብሰው?" "ሌሊት። ልጁ እንቅልፍ አጥቷል።"

መጀመሪያ ላይ "የለም" የተባሉት ጥያቄዎች አሁን መልሳቸው ተገልብጧል። ማታ ቤታቸው ሄድኩ። የእማማ ቅልጥም ለስላሳ ነው፣ አንድ ስንጥቅ የለውም። ዘይቱ ሥራውን ሠርቷል። የእጃቸውን ጣቶች ከፈት አድርጌ በስልክ መብራት ሳይ ግን በመሃል ጣታቸውና በቀለበት ጣታቸው መካከል ጥቃቅን ሽፍታዎች አሉ። አንጓቸው ላይ ደግሞ አጭር፣ ጠመም ያለች፣ ግራጫ መስመር፤ ጫፏ ላይ ነጥብ። የልጁም እጅ ላይ እንዲሁ፣ እምብርቱ ዙሪያም። እከክ ነው።

እከክ የሚመጣው ከግማሽ ሚሊ ሜትር ባነሰች፣ በዓይን በማትታይ ነፍሳት ነው። ቆዳ ውስጥ ትቆፍራለች፣ እንቁላል ትጥላለች። ሰው መጀመሪያ ጊዜ ሲያዝ ማሳከኩ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ነው። ጥምቀት ጥር 11 ነው። የካቲት መጨረሻ ሲደመር ልክ ይገጥማል። የአትክልት ዘይት ነፍሳቷን አያጠፋትም። ቆዳውን ስላለሰለሰው ደግሞ ድርቀቱም ቅርፊቱም አይታይም፣ ሰው ተሻለኝ እያለ ለቤተሰቡ ያስተላልፋል።

ልጃቸው አፈረች። "እኛ ንጹሕ ነን እኮ" አለች፣ እንባዋ እየመጣ። እከክ ከቆሻሻ አይመጣም። ገላ ከገላ ረዘም ላለ ጊዜ ሲነካካ ይጋባል፣ ንጹሑም ይያዛል። በክልላችን በ2008 ዓ.ም. ድርቁን ተከትሎ በ68 ወረዳዎች ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ሲመረመሩ ከሦስቱ አንዱ ገደማ እከክ ተገኝቶበታል። ይህን ስነግራት ትንሽ ቀለላት። ጎረቤት እንዳይሰማ ግን ለመነችኝ፤ እኔም አልተናገርኩም።

ጤና ጣቢያ ሄደው ተረጋገጠ። ፐርሜትሪን 5 በመቶ ቅባት ታዘዘ፣ ለቤቱ ሰው ሁሉ፣ የሚያክከውም የማያክከውም በአንድ ሌሊት። ከአንገት በታች፣ በጣቶች መሃል፣ ከጥፍር ሥር፣ በእምብርት፣ በብሽሽት ሳይቀር። ለእማማ ለዕድሜያቸው ሲባል ፊትና ጭንቅላትም፣ ዓይንና አፍ ሳይነካ። ከ8 እስከ 14 ሰዓት ቆይቶ ይታጠባል። ከሳምንት በኋላ ይደገማል፤ ብዙ ሰው የሚስተው ድጋሚውን ነው። ፐርሜትሪን ያጣ ሰው ቢቢኤል (ቤንዚል ቤንዞኤት ሎሽን) ወይም የድኝ ቅባት በሐኪም ትእዛዝ ያገኛል፤ የሚዋጥ አይቨርሜክቲንም አለ፣ ለነፍሰ ጡርና ለትንሽ ሕፃን ግን አይሰጥም።

አንድ ነገር ላይ ከእማማ ጋር ተከራከርን። መድኃኒቱን በዘይቱ ላይ ልቀባ አሉ። አይሆንም። ገላው የታጠበ፣ የደረቀና የቀዘቀዘ መሆን አለበት፤ ከሥሩ ዘይት ካለ መድኃኒቱ በደንብ አይደርስም። ለዚያ ቀን ዘይቱ ተከለከለ። አላስደሰታቸውም።

ልብስና አንሶላ በሙቅ ውኃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ተሰጣ። ለሁሉም የሚበቃ ውኃ ስላልነበረ ብርድ ልብሱና ጋቢው በፌስታል ታስሮ ለአንድ ሳምንት ተቀመጠ። ነፍሳቷ ከሰው ገላ ከወጣች ከሁለት ከሦስት ቀን በላይ ብዙ ጊዜ አትቆይም። ለገጠሮቹም ዘመዶች በስልክ ተነገረ፤ እነሱም ታክመዋል።

ከሁለተኛው ዙር በኋላ አዲስ ሽፍታ አልወጣም። ማሳከኩ ግን ወዲያው አልቆመም። የሞቱት ነፍሳትና እንቁላላቸው ቆዳ ውስጥ ስለሚቀሩ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ማሳከክ የተለመደ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ደጋግሞ ይቀባል፣ ቆዳውም ይቆጣል። የኑግ ዘይቱ የተመለሰው በዚህ ጊዜ ነው። ፐርሜትሪኑ ያደረቀውን ቆዳ አለሰለሰ፣ ቀሪውን ማሳከክ አስታገሰ። መጋቢት ሲያልቅ ልጁ ሌሊቱን መተኛት ጀመረ።

አሁን ያልጨረስነው

የቀረን የእማማ ራስ ነው። ፎረፎር አለባቸው፣ ራሳቸውን ያሳክካቸዋል። ገላዬን ከረዳኝ ራሴንም ይረዳኛል ብለው ኑጉን ፀጉራቸው ሥር አፈሰሱት፣ በላዩም ቅቤ ጨመሩበት። ባሰባቸው። ለፎረፎር ምክንያት የምትሆነው ማላሴዚያ የምትባል እርሾ መሰል ነገር ቅባት ትበላለች፤ የአትክልት ዘይትና ቅቤ ምግቧ ነው። ራስ ላይ ያለው ማሳከክ ከቅልጥሙ ተቃራኒ ሕክምና ነው የሚፈልገው።

ኬቶኮናዞል 2 በመቶ ሻምፖ ሰጥቻቸዋለሁ። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ራስ ላይ ቆይቶ ይታጠባል፣ ለአራት ሳምንት። ዘይቱን ለመተው ተስማምተዋል። ቅቤውን ግን ለፋሲካ አልተውም ብለዋል። "ያለ ቅቤ ምን በዓል አለ?" አሉኝ። ከፋሲካ በፊት ሻምፖውን ጨርሰው፣ ቅቤውን ለአንድ ቀን ብቻ ፀጉራቸው ላይ እንጂ የራስ ቆዳቸው ላይ ሳያሹ እንዲቀቡ ተደራድረናል። ከበዓሉ በኋላ አያቸዋለሁ።